ጉበቴ አጀንዳ የሆነ ጊዜ

በሸዋ ሮቢት ከተማ ጉበቷ በስብሰባ የተገመገመባት ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ካለች ትምጣና አብረን እንሳቅ። ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ወላሂ፣ ከሳቁ በፊት ብዙ አልቅሻለሁ።

ስሜ ዘይነባ ይባላል። በዚያ ዘመን ገበያው ዳር ሽንኩርት እሸጥ ነበር። «የዘይነባ ምላስ ከሽንኩርቷ ይብስ ያስለቅሳል» ይሉኝ ነበር፤ አልዋሹም። ባለቤቴ ሙሄ ባጃጅ ይነዳል። የቤታችንን ወሬ ሁሉ ለእኔና ለእናቱ ትቶ እሱ በባጃጁ ጡሩምባ ብቻ የሚናገር ሰው ነው። ተጋብተን ብዙ ዓመት ልጅ አጣን። መድኃኒት የተባለ ሁሉ ተሞከረ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰውም መካን ናት ብሎ አማኝ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠን ዝም ባልን ጊዜ አረገዝኩ። እንግዲህ ይህን ልጅ እንዴት እንደምጠብቀው እናንተው ገምቱት።

ጤና ጣቢያ ለእርግዝና ክትትል ሄጄ ደም ሰጠሁ። በሳምንቱ ስመለስ አዋላጇ ሲስተር ሰናይት በሩን ዘጋችው።

«ተቀመጪ» አለችኝ።

«ቆሜ እሰማሻለሁ፤ ሽንኩርቴን ለሰው አደራ ሰጥቼ ነው የመጣሁ።»

«ተቀመጪ አልኩሽ፣ ዘይነባ።»

ተቀመጥኩ። ጉበት ላይ የሚቀመጥ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ በደሜ ውስጥ እንደተገኘ ነገረችኝ።

«ኧረ ምንም አያመኝም! ትናንት አንድ ጆንያ ሽንኩርት ብቻዬን ጎትቻለሁ።»

«አንደኛ፣ ጆንያ አትጎትቺ። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው ሳያመው ነው ይዞት የሚኖረው። ስሚኝ፤ ሰውነትሽ ውስጥ በሽታ ሲገባ የሚያባርር ዘበኛ አለ በይ። አሁን ሆድሽ ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ ግማሹ የሙሄ ነው፤ ለዘበኛሽ ባዕድ ነው። ባዕድ ነህ ብሎ እንዳያባርረው ሰውነትሽ ራሱ ዘበኛውን ‹ረጋ በል› ይለዋል። ጨርሶ አይተኛም፤ ብቻ እንደ ወትሮው አይቆጣም። ቫይረሱም ይኼን ጊዜ ተመችቶት ይቀመጣል።»

«ስወልድስ?»

«ስትወልጂ ዘበኛው ይነቃል። ሲነቃ ጸቡ ጉበትሽ ላይ ሊሆን ስለሚችል ከወለድሽ በኋላም እየመጣሽ ትታያለሽ። እንዳትጠፊ።»

«የእኔን ተይው። ልጄስ?»

ሲስተር ሰናይት ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ቀስ ብላ፣ ከእናት ወደ ልጅ በብዛት የሚተላለፈው በወሊድ ጊዜ መሆኑን አስረዳችኝ። የሕፃን ዘበኛ ገና ጠላቱን አያውቅም፤ ያኔ የያዘው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፣ ሲያድግ ጉበቱ ሊበላሽ ይችላል አለችኝ። እጄ ቀዘቀዘ፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት እጄ ቀዘቀዘ።

«ግን ክትባት አለ» አለች። «በተወለደ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ መወጋት አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። እኛ ጋ ያለው ከወር ተኩል የሚጀምረው ነው። በተወለደበት ዕለት የሚወጋውን ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ አስቀምጡ። ልብ በይ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ በረዶ ግን እንዳይሆን። በረዶ ከሆነ ሞተ፣ ጣይው።»

ደሜ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልኮ ታየና ለእኔ ለጊዜው መድኃኒት እንደማያስፈልገኝ፣ ለልጁ ክትባቱ ዋናው እንደሆነ ተነገረኝ። ሙሄ አዲስ አበባ ሄዶ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዞ መጣ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡት ሰው «ምን ይዘሃል?» ቢሉት «ልጄን» ብሏቸው መንገዱን ሁሉ ሲያዩት እንደመጡ ነገረኝ።

አሁን የት እናስቀምጠው? የጤና ጣቢያው ፍሪጅ በዚያው ሰሞን ተበላሽቶ ክትባቶቹ ወደ ሌላ ከተማ ተወስደው ነበር። የእኛ ቤት ፍሪጅ ማለት በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን ነው። በሰፈራችን መብራት ቢጠፋ እንኳ በጄኔሬተር የሚሠራ ፍሪጅ ያላቸው እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። እትዬ አስካለ ማለት ግሮሰሪ አላቸው፣ ቢራ ይሸጣሉ። ከዚያም በላይ የሰፈራችን ሴቶች የአንድ ለአምስት ጠርናፊ ናቸው። ያንን ዘመን የማታውቁ ልጆች ካላችሁ፣ ያኔ አምስት ሰው በአንድ ሰው ይጠረነፍ ነበር፤ ጎመን መትከልም፣ ጉድጓድ መቆፈርም፣ መውለድም በስብሰባ ነበር።

«ቦታ ሞልቶኝ!» አሉ እትዬ አስካለ ስንለምናቸው። «ግን ለቡድኑ ሳይቀርብ አይሆንም።»

ቀረበ።

«አጀንዳ አንድ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ። አጀንዳ ሁለት፣ የዘይነባ ጉበት» ብለው ከፈቱ። «ሌላ አጀንዳ ያለው? የለም። ጸድቋል።»

ጉድጓዱ ቶሎ አለቀ። ጉበቴ ላይ ሲደርሱ የሲስተርን ቃል እንዳለ ነገርኳቸው፤ ዘበኛውንም፣ ረጋ በል መባሉንም። ጎረቤቴ ብርቄ እጇን አወጣች። ስብሰባ ላይ መናገር ከሠርግ ይበልጥባታል።

«መጀመሪያ ዘበኛው ለምን እንደተዘናጋ ይገምገም። የአመለካከት ችግር ነው ወይስ የክህሎት ክፍተት?»

«የግብዓት እጥረት ነው» አለች ሌላዋ። «ጎመን አትበላም።»

«ስለዚህ ዘይነባ ግለ ሂስ ታድርግ።»

«ኧረ በአላህ!» ብዬ ተነሳሁ። «የምትገመግሙት እኮ ጉበቴን ነው! እሱን ጠርታችሁ ጠይቁት!»

«ባለቤቱ አንቺ ነሽ» አሉ እትዬ አስካለ ኮስተር ብለው። «በውክልና ተናገሪ።»

ምን ላድርግ? ፍሪጁ የሳቸው ነው። ቆሜ «ጉበቴ በሥራው ላይ ያሳየው ድክመት ካለ በቀጣይ ያስተካክላል» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ካጨበጨቡ በኋላ ግን ብርቄ የቡና ስኒዋን ከእኔ አጠገብ ቀስ ብላ ስታሸሽ አየኋት። እሱን ሳይ እንባዬ መጣ። እትዬ አስካለም አይተዋት ኖሮ ከእኔ ሳህን ቆሎ ዘግነው ቃሙና «ሲስተርን ጠይቄያለሁ። በደም ነው እንጂ በመብል አይተላለፍም። የምትፈራ ትፍራ፤ ስኒዋን ግን ትመልስ» አሉ። ብርቄ አፍራ መለሰች። እትዬ አስካለን የወደድኳቸው ያን ቀን ነው።

ችግሩ አማቴ ናቸው። እማ ዘምዘም ሳይጠሩ ስብሰባው ላይ መጥተው በር ላይ ቆመው ኖሯል።

እማ ዘምዘም በሽታውን ስነግራቸው የሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ «የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ በላይሽ አልፋለች» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀትር ጥላ ሳልይዝ ከደጅ አያስወጡኝም፤ ቤት ስገባ ደግሞ የወባውን አጎበር በጠራራ ፀሐይ ያወርዱብኛል። የሲስተርን ነገር ሲሰሙ ደግሞ አጎበሩን ሳይተዉ ክትባቱንም ተቀበሉ። ሁለቱንም ያዙ፤ ብልህ ናቸው።

«የልጅ ልጄ መድኃኒት ከቢራ ጋር አያድርም» አሉ ከበሩ ላይ።

«እማ ዘምዘም፣ ክትባቱ ቢራ አይጠጣም!» አሉ እትዬ አስካለ።

«እሱስ አይጠጣም። የሚጠጡት ፍሪጁን ሲከፍቱ ቢሰብሩትስ? ሰካራም እጁን ያውቃል?»

ይህ ክርክር ፀሐይ ገብታ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ቆየ። ውሳኔው ይኼ ሆነ፤ የፍሪጁ የላይኛው መደርደሪያ ከቢራ ይጸዳል፣ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍበታል፣ እማ ዘምዘም ግሮሰሪው ውስጥ ወንበር ይሰጣቸዋል። «እኔው ራሴ እጠብቀዋለሁ። የሷ ዘበኛ ረጋ ካለ እኔ አለሁ» አሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እትዬ አስካለ ያጸደቁት ነገር የገባቸው በማግስቱ ነው።

በማግስቱ እማ ዘምዘም ነጭ ሻሻቸውን ተከናንበው፣ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን ይዘው፣ ምርኩዛቸውን ፍሪጁ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። አስቡት፤ ቢራ ቤት ውስጥ የአላህን ስም እየደጋገሙ ዚክር የሚያደርጉ አሮጊት! ጠጪው ገባ፣ አያቸው፣ ደነገጠ። «አሰላሙ አለይኩም» አለ ደምሰው የሚባለው የአይሱዙ ሾፌር፤ ደምሰው ክርስቲያን ነው፣ ከድንጋጤው የተነሳ ነው።

«ወአለይኩም ሰላም። ምን ልትጠጣ ነው የኔ ልጅ?»

«እ... ለስላሳ» አለ።

ሌላውም ለስላሳ አለ። ሦስተኛው ውሃ ብሎ ጠየቀና እናቱ እንዴት እንደሆኑ ሲጠየቅ ቆይቶ ሄዶ እናቱን አያቸው። በሳምንቱ ግሮሰሪው የሽማግሌ ሸንጎ መሰለ። ሰው ቢራ ሊጠጣ ገብቶ ተመክሮ ይወጣል። ደምሰው ከካራቆሬ እስከ አዲስ አበባ ሽንኩርት የሚያመላልስ፣ ቀን ከሌት ከጠርሙስ የማይለይ ሰው ነበር፤ እሱ እንኳ ጭራሽ ተወ። «ሌላ ቤት ሄጄ ልጠጣ ብዬ ነበር» አለኝ ቆይቶ፣ «እዚያም የሚያዩኝ መሰለኝ።»

እትዬ አስካለ ወደ ቤቴ እየመጡ ሆዴን ያያሉ። «አሁንም አልወረደም?» ይሉኛል። «ውለጂ እንጂ፣ ከሰርኩ እኮ!»

ያ ቀን ደረሰ። ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል። መብራት ከዋዜማው ጠፍቷል፤ ጄኔሬተሩ ሲንደቀደቅ አድሮ ጠዋት ላይ ቀጥ አለ። እኔ ይህን አላወቅሁም፤ ሽንኩርቴ መሀል ተቀምጬ ወገቤን እንደ ቀበቶ የሚያጠብቅ ሕመም ይመጣል ይሄዳል። ደንበኛዬ «ስንት ነው?» ስትለኝ «ያ ረቢ!» አልኳት። «ተወደደ» ብላ ሄደች። ብርቄ ናት ነገሩ የገባት። ስኒዋን ያሸሸችው ብርቄ በሁለት እጇ አቅፋኝ ባጃጁ ውስጥ አስገባችኝ፤ ሙሄ ጡሩምባውን እየነፋ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ።

እኩለ ቀን ላይ፣ ዙሁር ሲባል ሴት ልጅ ወለድኩ። ጮኸች። እኔም ጮህኩ። ሲስተር ሰናይት ልጄን ጠራርጋ አጥባ ደረቴ ላይ አስቀመጠችልኝና «ክትባቱ ይምጣ» አለች።

መጣ። እንዴት እንደመጣ ስሙኝ። መጀመሪያ እማ ዘምዘም፣ ከኋላቸው እትዬ አስካለ፣ ከነሱ ኋላ ደምሰውና ሌሎች ጠጪዎች ሰማያዊ የልብስ ሳፋ ለአራት ተሸክመው ገቡ። ሳፋው ሙሉ በረዶ ነው።

«እንዲያው እንዳትሰጉ» አሉ እማ ዘምዘም ላባቸውን እየጠረጉ። «መብራት ቢጠፋ፣ ሞተሩ ቢቆም፣ እኛ አልተኛንም። እነዚህ ልጆች፣ አላህ ይስጣቸው፣ ከጁስ ቤቱ በረዶ አምጥተው፣ ፈልጠው፣ ውስጡ ቀበሩልኝ።»

«ጨውም ጨምረንበታል» አለ ደምሰው በኩራት። «ጨው ሲገባበት ብርዱ ይብሳል። አይስክሬም የሚሠራ ሰው ነው ያሳየኝ።»

እንግዲህ አትፍረዱባቸው። በእኛ አገር ሰው በሙቀት ይታመማል፣ ወተት በሙቀት ይበላሻል፣ ሥጋ በሙቀት ይሸታል። በረዶ ጎዳ ሲባል በቆላ ማን ሰምቶ ያውቃል? ቀዝቃዛ ጥሩ ከሆነ በረዶ የበለጠ ጥሩ ነው፤ በረዶ በጨው ደግሞ መጨረሻው። ሲስተር «በረዶ እንዳይሆን» ማለቷን እኔ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ጆሯቸው የሰማው ግን «ቀዝቃዛ» የሚለውን ብቻ ነው።

ሲስተር ሰናይት በረዶውን ገልጣ ብልቃጧን አወጣች። ወደ መስኮቱ ይዛ አየች። ገለበጠቻት። ውስጧ ያለው ነገር አልተነቃነቀም።

«ድንጋይ ሆኗል» አለች። «ይኼ አይወጋም።»

«ሲቀልጥስ?» አልኳት።

«ቢቀልጥም ሞቷል፣ ዘይነባ።»

ደምሰው ሳፋውን መሬት አስቀመጠ። እማ ዘምዘም ምርኩዛቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ ማንም አላነሳላቸውም። እሳቸው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ ሙሄ እንኳ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ተናገሩ።

«የሙሄ አባት ሆዱ ተነፍቶ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ነው የሞተው። ወፍ ነው አሉኝ። ሌሊት ሌሊት ጣሪያ ጣሪያ ሳይ አነጋ ነበር፤ ወፊቱን ላባርር። የምጠብቀው ነገር አልነበረም፣ ወፍ የለ፣ ምን የለ። አሁን በስተርጅና የሚጠበቅ ነገር ተሰጠኝ፤ እሱንም በገዛ እጄ ገደልኩት።»

ያኔ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ተቆጥቼባቸው አልነበረም። ቢራ ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ቀን ያስቀመጧቸው ሟቹ ባላቸው እንደነበሩ ስለገባኝ ነው።

ሲስተር ግን ስልኳን አውጥታ መደወል ጀምራለች። አንዱ የለም አላት፣ ሌላው አላነሳም። በኋላ «ደብረ ብርሃን አንድ መድኃኒት ቤት ገብቷል! እንዲያስቀምጡልኝ ነግሬያለሁ። ጊዜ አለን፤ ግን ዛሬ ይምጣ» አለች።

ሙሄ ቁልፉን አንስቶ ወደ በሩ ሮጠ።

«የት ልትሄድ?» አለው ደምሰው። «ባጃጅህ ደብረ ሲና ዳገት ሥር ጡረታ ይወጣል። አይሱዙዬ ተጭኖ ቆሟል፣ እኔ እነዳለሁ።»

ሁላችን ዞረን አየነው። ሁላችን ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ እትዬ አስካለ አወጡት።

«ጠጥተሃል?»

«በምን ጊዜ?» አለ ደምሰው እማ ዘምዘምን በአገጩ እያሳየ። «እኚህ ሴትዮ ከተቀመጡ ጀምሮ ጠብታ ቀምሻለሁ?»

እማ ዘምዘም ምርኩዛቸውን ራሳቸው አነሱ። «እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ሙሄ «እማ፣ ይደክምዎታል» ቢላቸው «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የማመጣውም እኔ ነኝ» ብለው ወጡ። ሲስተር እየተከተለች «በረዶው በፎጣ ይጠቅለል! ክትባቱ በረዶውን አይንካ!» ትላለች፤ እሳቸው «አይንካ፣ አይንካ» እያሉ እንደ ዚክር ይደግሙታል።

ያ ከሰዓት እንዴት እንደሄደ አትጠይቁኝ። ልጄን አቅፌ ፊቷን አያለሁ። ምንም የማታውቅ፣ እንግዳ ሆና የመጣች ልጅ። ዘጠኝ ወር ሰውነቴ «ባዕድ ናት፣ ግን ትቆይ» ብሎ አኖራት፤ አሁን ከእኔ ወጥታ በሷ ላይ የሚመጣው በሽታ ከእኔው ደም ነው። ይህ ነገር እንዴት ነው የሚያስችል? ብርቄ አጠገቤ ተቀምጣ ላብ ትጠርግልኛለች፣ በየመሀሉም «ግምገማው ላይ የተናገርኩትን እርሺው» ትለኛለች።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ አይሱዙው ጤና ጣቢያው በር ላይ ጡሩምባውን ለቀቀ። እማ ዘምዘም የበረዶ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ ይዘው ወረዱ፤ ሰው እንዲነካው አልፈቀዱም። ደምሰው ከኋላ ፊቱ ነጥቶ ይመጣል።

«ከጣርማ በር ጀምሮ ‹ቀስ በል› ይሉኛል» አለ። «ቀስ ስል ‹ፍጠን› ይሉኛል። በየመሀሉ አስቁመው ሳጥኑን ከፍተው ‹አልነካም› ይላሉ። እንኳንም አልጠጣሁ፣ ጠጥቼ ቢሆን አብጄ ነበር።»

ሲስተር ብልቃጧን ገለበጠቻት፤ እንደ ውሃ ተንቀሳቀሰች። ልጄን ጭኗ ላይ ወጋቻት። ልጄ ስትጮህ እማ ዘምዘም «አልሀምዱሊላህ» ብለው ግንባራቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ሱጁድ ወረዱ፤ ደምሰው ደግሞ አማተበ።

ነገሩ በዚያ አላለቀም። ሲስተር እንዳለችው የእኔ ዘበኛ ከወለድኩ በኋላ ነቃ። ደከመኝ፣ ምግብ ጠላሁ፣ ዓይኔ ቢጫ መሰለ። እማ ዘምዘም ዓይኔን ባዩ ቀን ምንም ሳይናገሩ እጄን ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። አጎበሩን አላነሱም፤ ስለ ወፍም አላወሩ። ተመረመርኩ፣ ሆስፒታል ተላክሁ፣ እየታየሁ ቀስ በቀስ ወረደልኝ። ሙሄም ተመርምሮ ነፃ ሆኖ ተገኘና ተከተበ።

ልጄ ቀሪዎቹን ክትባቶች ጨርሳ፣ ዳዴ ብላ፣ መቆም ስትጀምር የመጨረሻው ምርመራ ደረሰ። ውጤቱን ልሰማ ብቻዬን ልሄድ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ተከተለኝ። ሲስተር ወረቀቱን አየችና «ነፃ ናት» አለች።

እትዬ አስካለ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ይጽደቅ?» አሉ። የሁሉም እጅ ወጣ፤ የደምሰውም፣ የሲስተርም። ስሟ ሐያት ነው፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «በረዶ» ይላታል።

ይህን የምነግራችሁ ለሳቅ ብቻ አይደለም። እርጉዝ ከሆናችሁ ተመርመሩ፤ ምንም ባያማችሁም ተመርመሩ። እኔ ያን ጆንያ ስጎትት ደህና ነበርኩ እኮ። ቀድሞ ሰው ስለ እኔ ሲያወራ ምላሴን ነበር የማወጣው። አሁን የሚያወሩትን ሳይሆን ለእኔ ብሎ ማን የት እንደተቀመጠ አያለሁ። ሰውነቴም ያስተማረኝ ይህንኑ ነው፤ ባዕዱን ሁሉ ማባረር ጤና አይደለም።

ቆይቶ አንዲት አዲስ ሙሽራ እያነባች ቤቴ መጣች። አርግዛለች፤ ያው የእኔው በሽታ በደሟ ተገኝቷል። ላጽናናት አፌን ስከፍት፣ እማ ዘምዘም ጓዳ ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ ሻሻቸውን ተከናንበው፣ ሙስበሃቸውን ይዘው፣ ምርኩዛቸውን እየመቱ ወጡ። ተከተልናቸው። እትዬ አስካለ ገና ከሩቅ አዩን። «ኧረ ጎበዝ፣ ኪሳራዬ መጣች!» ብለው ጮኹ፤ እየጮኹም ቢራውን ከላይኛው መደርደሪያ ማውረድ ጀመሩ።